ትንፋሽና የአየር ግፊት፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ስቆጥርና የኦክሲጅን ጌጅ ስመለከት እውላለሁ። ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ አስታማሚም ስለ ትንፋሽ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። እዚህ የሰበሰብኩት ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ነው። አንዳንዱን በአጭሩ መልሼዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ግን ቆይቻለሁ፤ በተለይ ከሰሉ ላይ።

ከፍታ ላይ ኦክሲጅን ያንሳል ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ተራራ ላይ ያለው አየር ውስጥ ኦክሲጅን በመቶኛ የሚቀንስ ይመስለዋል። አይቀንስም። ምጽዋ ወደብም፣ ባሕር ዳርም፣ ራስ ዳሸን ጫፍም ላይ ከአየሩ መቶ እጅ 21 ያህሉ ኦክሲጅን ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው።

አየር ክብደት አለው። ከላያችን የተቆለለው አየር ይጫነናል። የጤፍ ጆንያ ተደራርቦ ሲቀመጥ ይበልጥ የሚጠቀጠቀው የታችኛው ነው። አየርም እንደዚያው ነው። ዝቅ ስንል ክምሩ ይበዛብናል፤ ከፍ ስንል ይቀለናል። ግፊት የሚለካው በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ 760 ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወደ 615 ይወርዳል። አዲስ አበባ ወደ 575 ነው። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ፣ 4,550 ሜትር አካባቢ፣ ወደ 440 ይደርሳል።

ከዚህ ጠቅላላ ግፊት ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ 21 በመቶው ነው። ስለዚህ ኦክሲጅን ምጽዋ ላይ በ160 ይገፋል፣ ባሕር ዳር በ129፣ አዲስ አበባ በ120፣ ራስ ዳሸን ላይ በ92። እያንዳንዱ ጋዝ የየራሱን ድርሻ ይገፋል የሚለውን ሕግ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ነው፤ በ1801 እ.ኤ.አ.። ለሳንባችን ዋናው ቁጥር ይሄ ድርሻ ነው። ሰውነታችን መቶኛ አያውቅም። የሚያውቀው ግፊትን ነው።

ግፊት የሚባለውን ነገር በዓይን ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና የተጓዘ ሁሉ ሳያስተውል አይቶታል። ጎሐ ጽዮን ላይ ከሃይላንዳችሁ ግማሹን ጠጡና ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። መኪናው እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ጠርሙሱን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ከ2,500 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ 1,000 ሜትር አካባቢ ወዳለው ድልድይ ስትወርዱ የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ማንም አልጨበጠውም። የጨበጠው የበረሃው አየር ነው። ውስጥ የተዘጋበት የጎሐ ጽዮን አየር ቀላል ስለሆነ አይመክተውም። ደጀን ስትወጡ ጠርሙሱ «ቋ» ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጆሯችሁ የሚደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር እንደ ጠርሙሱ ተዘግቶ ይቀራል። ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት፣ ማስቲካ ማኘክ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ይከፍተዋል። ሕፃን የያዘች እናት ቁልቁለቱ ላይ ጡት ብታጠባ ልጇ ያን ያህል አያለቅስም።

ማድቤት ውስጥም ይታያል። ባሕር ዳር ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ስላነሰ ቶሎ ይፈላል። ሽምብራና ባቄላ እዚህ ከቆላው ይልቅ ብዙ የሚቆዩት፣ የፈላው ውኃ ራሱ ያን ያህል ስለማይሞቅ ነው።

አየሩ የሚገባው እኛ ስለምንስበው ነው?

እንደዚያ ይመስላል። ግን አየር የሚገባው ተገፍቶ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ አይታችኋል? ወናፉ ሲከፈት ውስጡ ይሰፋል፤ ውስጡ ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የውጭው አየር ራሱ ገፍቶ ይገባል። ደረታችን ወናፍ ነው። ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል። የጎድን አጥንቶች ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፈታሉ። የሳንባው ውስጥ ግፊት ከውጭው በ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ከ615 ውስጥ አንድ! በዚህች ልዩነት ግማሽ ሊትር አየር ይገባል። ጡንቻው ሲላላ ደረት ይጠብና አየሩ ተመልሶ ይወጣል። በእረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ ይህን በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያደርገዋል።

ሳንባ ከደረት ግድግዳ ጋር ተለጥፎ የሚቆየውም በግፊት ልዩነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት ግፊቱ ከውጭ አየር ያንሳል። ደረቱን በስለት የተወጋ ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። በቀዳዳው አየር ገብቶ ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ ሳንባው እንደ ተነፈሰ ፊኛ ይኮማተራል። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ደሙ ትንሽ ቢመስልም፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት። ስለቱ እንደተሰካ ከሆነ አትንቀሉት።

ከዚያ ኦክሲጅኑ ወደ ደም እንዴት ይሻገራል?

በቁልቁለት። ጋዝ ግፊቱ ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል። ሌላ የሚገፋው የለም። ሞተርም ፓምፕም የለውም።

ባሕር ዳር ላይ ቆመን ቁልቁለቱን አብረን እንውረድ። ከአፍንጫችን ውጭ ኦክሲጅኑ በ129 ይገፋል። አፍንጫና ጉሮሮ አየሩን ያሞቁታል፣ ያረጥቡታል። እንፋሎቱም ቦታ ይፈልጋል፤ በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ 47 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ለራሱ ይወስዳል። የኦክሲጅኑ ግፊት ወደ 119 ይወርዳል። የሳንባ ጫፍ ላይ ወዳሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀድሞት ተቀምጧል፤ ደሙም ኦክሲጅኑን ያለ ማቋረጥ እየወሰደ ነው። እዚያ ወደ 75 ይሆናል። ከሰውነት ዞሮ የሚመለሰው ደም ውስጥ ደግሞ 40 አካባቢ ነው። 75 እዚህ፣ 40 እዚያ። ኦክሲጅኑን የሚያሻግረው ይህ ልዩነት ነው።

ግድግዳው እጅግ ስስ ነው። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳን አይሞላም። ከረጢቶቹ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ ተዘርግተው ቢነጠፉ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ። አንዲት ቀይ የደም ሴል እዚያ የምትቆየው ሦስት አራተኛ ሴኮንድ ገደማ ነው። ጤነኛ ሳንባ ውስጥ በሩብ ሴኮንድ ሞልታ ትጨርሳለች። ቀሪው መጠባበቂያ ነው። ስንሮጥ ደሙ ሲፈጥን፣ ሳንባ ሲታመም ግድግዳው ሲወፍር፣ የምንኖረው በዚያ መጠባበቂያ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተቃራኒው ይወጣል። የእሱ ልዩነት ትንሽ ነው፤ አምስት፣ ስድስት ብትሆን ነው። ግን ከኦክሲጅን 20 ጊዜ ያህል በቀላሉ ስለሚሟሟ ያችው ትበቃዋለች።

ታዲያ 75 ከ100 በጣም ካነሰ፣ ባሕር ዳር ላይ እንዴት ጤነኛ ሆነን እንኖራለን?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ምጽዋ ላይ የከረጢቱ ቁጥር 100 አካባቢ ነው። እኛ በ75 እንኖራለን፤ ግን አንድም ነገር አይሰማንም።

ምስጢሩ ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢን ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ ተሸካሚ ነው። እንደ ባጃጅ ቁጠሩት፤ አራት ወንበር አለው። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ሲገባ ለቀጣዩ መግባት ይቀለዋል፤ ስለዚህ አንዴ መሙላት ከጀመረ ቶሎ ይሞላል። ግፊቱ 100 ሲሆን ከመቶው ወንበር 97 ያህሉ ይያዛል። 75 ሲሆን 94 ወይም 95። የግፊቱ ሩብ ሲጠፋ ከወንበሩ የጎደለው ሁለት ሦስት ብቻ ነው።

ይህን ለተማሪ ሳስረዳ መንገዱን እጠቅሳለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ያለው አገር ደጋ ሜዳ ነው፤ ኪሎ ሜትር ቢቆጠር ያን ያህል አትወርዱም። ከደጀን በኋላ ግን ዓባይ በረሃ ነው። የሄሞግሎቢንም ጠባይ እንዲሁ ነው። ከ100 እስከ 60 ሜዳ ነው። ከ60 በታች ገደል ነው፤ ግፊቱ ጥቂት ሲወርድ ወንበሩ በብዛት ይራገፋል። የባሕር ዳር ሰው ሜዳው ላይ ነው የቆመው። ግን ከምጽዋ ሰው ይልቅ ለገደሉ ይቀርባል። የሳንባ ምች የያዘው ልጅ እዚህ ቶሎ የሚዳከመው ለዚህ ነው። «ትንሽ ነው፣ ነገ እናያለን» የሚባለው ነገር ያስፈራኛል።

ገደሉ ራሱ ለበጎ ነው የተሠራው። ጡንቻ ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባጃጁ እዚያ ሲደርስ ተሳፋሪውን ያወርዳል። የሚሠራ ጡንቻ ይሞቃል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ያመርታል፤ ይህ ሁሉ ማውረዱን ያፋጥነዋል። ባጃጁ ሳያወርድ ቢያልፍ ሙሉ መሆኑ ምን ይጠቅማል?

ልጄ ዱባይ ናት። የእሷ ኦክሲጅን 98 ነው። የእኔ 94 አለ። ታምሜያለሁ?

ይህን የጠየቁኝ አንዲት እናት ናቸው። አልታመሙም ነበር። ዱባይ ባሕር ወለል ላይ ናት፤ እዚህ ደግሞ 1,800 ሜትር ነው። ባሕር ዳር ላይ ከ93 እስከ 97 የሚያሳይ ጤነኛ ጎልማሳ አይደንግጥ። ከ90 በታች ከሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሁልጊዜ 96 የነበረ ሰው በአንድ ቀን 91 ከገባም እንዲሁ፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን መውረዱም ይናገራል።

ጣት ላይ የሚደረገው ማሽን በብርሃን ነው የሚሠራው። ሂና ወይም ጥቁር የጥፍር ቀለም ካለ ይሳሳታል። እጅ ከቀዘቀዘም ይሳሳታል። እጃችሁን አሙቁ፣ ተቀመጡ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ የሚነግራችሁ ካሉት ወንበሮች ስንቱ እንደተያዘ ነው። ስንት ወንበር እንዳለ አይነግራችሁም። ደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር 97 ሊያሳይላት ይችላል፤ ባጃጆቹ ሞልተዋል፣ ግን ባጃጆቹ ጥቂት ናቸው። ድካምና የልብ ትርታ ካለ ደም መመርመር ነው።

የጣና ዳር አየር ኦክሲጅን ይበዛበታል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ዛፍ ሥር ብንቀመጥም፣ ዘጌ ጫካ ውስጥ ብንገባም መቶኛው 21 ነው። ሐይቁ ዳር ደስ የሚለን አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለሆነ፣ አቧራና የመኪና ጭስ ስለሌለበት ነው። ያ ራሱ ለሳንባ ትልቅ ነገር ነው። አስም ያለበት ሰው እዚያ ቢቀለው አልገረምም። ግን ኦክሲጅኑ በዝቶ አይደለም።

የቤዛዊትን ኮረብታ ስወጣ የሚያለከልከኝ ግፊቱ ቀንሶ ነው?

አይ። ለዚያች ከፍታ የግፊቱ ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያለከልካችሁ እግራችሁ ነው፤ ሽቅብ የሚገፋ ጡንቻ ብዙ ኦክሲጅን ይጠይቃል። በየሳምንቱ ብትወጡት ይቀላችኋል። ተኝታችሁ ወይም ተቀምጣችሁ የሚያጥራችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልብና ሳንባ ይታዩ።

ከሰሉ ጭስ ከሌለው ምን ችግር አለው?

አንድ የሐምሌ ንጋት ላይ አንዲት አራስ ወደምሠራበት ቦታ መጣች። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ቤቱ እንዲሞቅ በሩን ዘግተው ከሰል አስገብተውላታል። ሕፃኑ ያለቅሳል። እሷ አትነቃም። ጣቷ ላይ ማሽኑን አደረግን። 98 አለ። ከእኔ የበለጠ። እናቷ በሩ ላይ ቆመው «ጭስ እኮ አልነበረውም፤ ፍሙን ብቻ ነው ያስገባሁት» ይላሉ። ደጋግመው ያንኑ ይላሉ። ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ፍም የሆነ ከሰል አይጨስም፤ አይሸትም። ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይተፋል። ይህ ጋዝ የኦክሲጅኑን ወንበር ይቀማል። ሄሞግሎቢን ላይ የሚይዘው ከኦክሲጅን 200 ጊዜ በላይ በሆነ ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ኢምንት ቢሆን እንኳን ያሸንፋል። አየሩ ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢሆንና ብንቆይበት ግማሽ ያህሉን ወንበር ሊይዝ ይችላል። የቀረውንም ኦክሲጅን ሄሞግሎቢኑ አጥብቆ እንዲይዘው ያደርጋል፤ ለአንጎልና ለልብ አይለቅም።

ትንፋሽ ለምን አያጥርም? አንገታችን ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ጠባቂ የሚለካው ደሙ ውስጥ የሟሟውን የኦክሲጅን ግፊት ነው። ግፊቱ ደህና ነው። የተያዘው ወንበሩ ነው። ጠባቂው ምንም አያይም፤ ሰውየው ራሱን እያመመው ይተኛል። ማሽኑም ተታሏል፤ በዚህ ጋዝ የተያዘውን ወንበር በኦክሲጅን የተያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል። 98 ያለው ለዚህ ነው።

ያቺ አራስ ንጹሕ ኦክሲጅን በጭምብል ተሰጥቷት ከሰዓት በኋላ ነቃች። ንጹሕ ኦክሲጅን ግፊቱን ከፍ አድርጎ ሌባውን ከወንበሩ ይገፈትረዋል። በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክሲጅን አንድ ሰዓት ወይም ጥቂት ቢበልጥ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ቡናው ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት። ጀበናው ሲወርድ ምድጃው ከነፍሙ ይውጣ። ከሰል ባለበት ክፍል ማንም አይተኛ፤ አራስም፣ ሕፃንም፣ እንግዳም። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው፣ ጉልበታቸው ከከዳቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩን ከፍታችሁ ወደ ውጭ አውጧቸው፤ ያልነቃውን በጎኑ አስተኙት፤ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ወተት ማጠጣት አይረዳም። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ልጆች በሸምበቆ ወይም በጎማ ቱቦ ውኃ ውስጥ እንተነፍሳለን ይላሉ። ይቻላል?

አፍ ከውኃው ጥቂት ዝቅ ብሎ ከሆነ ይቻላል። አንድ ሜትር ላይ አይቻልም። ውኃ ከአየር እጅግ ይከብዳል። አንድ ሜትር ውኃ ደረት ላይ ወደ 74 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጨምራል። በቱቦው የሚመጣው አየር ግን የላይኛው አየር ነው፤ አልተጨመረበትም። ደረት ያንን ሁሉ ውኃ ገፍቶ መከፈት አለበት። አንድ ጠንካራ ጎልማሳ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢስብ ለቅጽበት ያህል እዚያ ይደርስ ይሆናል፤ ትንፋሽ በትንፋሽ ግን አይችለውም። ቱቦው ከረዘመ ደግሞ ያስወጣነውን አየር ራሱን መልሰን እንስባለን።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ማን ብዙ ጠልቆ ይቆያል ብለው የሚወዳደሩ ልጆች ከመግባታቸው በፊት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ኦክሲጅን የሚያጠራቅሙ ይመስላቸዋል። ኦክሲጅኑ ብዙም አይጨምርም፤ ሄሞግሎቢኑ ቀድሞም ሞልቷል። የሚያራግፉት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነው። «ተንፍስ! ውጣ!» ብሎ የሚያስጨንቀን ደግሞ የኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ደወሉን አጠፉት ማለት ነው። ልጁ ምንም ሳይጨንቀው ኦክሲጅኑ ያልቃል።

ግፊቱም ይከዳዋል። አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ ውኃው ስለተጫነው ሳንባው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ግፊቱ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሲወጣ ጫናው ይቀንስና የኦክሲጅኑም ግፊት አብሮ ይወድቃል። ራሱን የሚስተው ላዩ ላይ ሊደርስ ሲል ነው። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ግን ከበቂ በላይ ነው። ልጆቻችሁን ንገሯቸው።

አባቴ ቤት ውስጥ በኦክሲጅን ሲሊንደር ናቸው። ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ እንዴት ላውቅ?

በማባዛት ነው። ትልቁ ሲሊንደር ውኃ ቢሞላበት 40 ሊትር የሚይዝ ብረት ነው። ኦክሲጅኑ ግን በ150 ባር (ባርም የግፊት መለኪያ ነው) ተጠቅጥቆ ይገባበታል። 40 በ150 ሲባዛ 6,000 ሊትር ነው። በደቂቃ 5 ሊትር የሚወስዱ ከሆነ 1,200 ደቂቃ፣ ማለትም 20 ሰዓት ነው። ጌጁ 50 ላይ ሲደርስ 2,000 ሊትር ቀርቷል፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጌጁን እዩና አስሉት። ሌሊት ላይ ከሚያልቅ ማታ መቀየር ይሻላል። የሲሊንደሩ መጠን የተለያየ ስለሆነ የእናንተው ስንት ሊትር እንደሆነ ስትረከቡ ጠይቁ።

በአፍንጫ በሚገባው ቀጭን ቱቦ በደቂቃ 2 ሊትር ሲሰጥ የሚተነፍሱት አየር ኦክሲጅኑ ከመቶ 21 ወደ 28 ገደማ ይወጣል። በግፊት ሲሰላ ይህ ባሕር ዳር ላይ ያሉትን አባት ምጽዋ ወርደው እንደመተንፈስ ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን መጠን ግን በራሳችሁ አትጨምሩ፤ ሳንባቸው ለብዙ ዓመት የታመመ አንዳንድ ሰዎች ላይ ከመጠን ያለፈ ኦክሲጅን ጉዳት አለው።

ጧፍ፣ ዕጣን፣ ከሰል፣ ሲጋራ እዚያ ክፍል አይግባ። ኦክሲጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያስቆጣዋል። የጌጁን ብሎን ዘይትም ቅባትም አታስነኩት።

ሰሜን ተራሮች ልንሄድ ነው። እኛ ደገኞች ነን፤ ምን ይነካናል?

የባሕር ዳር ሰው ለራስ ዳሸን ደገኛ አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ደባርቅ ላይ አንድ ሌሊት አድሩ። ከ3,000 ሜትር በኋላ የምታድሩበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ራስ ምታቱ ከባሰ አትውጡ። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ ሰው ካለ በሌሊትም ቢሆን አውርዱት። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

እዚያው የተወለዱት ግን ይለያሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት ሰሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ ነበር። የደማቸው ኦክሲጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሄሞግሎቢናቸው በዴሲሊትር ደም ለወንዶቹ 15.9፣ ለሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር። ባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ! በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ሄሞግሎቢናቸውን ጨምረው ነው የሚቋቋሙት። የእኛዎቹ ያንን ሳያደርጉ ይኖሩበታል። የገብስ ሸክም ይዞ ሽቅብ የሚሄደውን የሰሜን ገበሬ ባየሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

አውሮፕላን ውስጥስ?

ውጭ ያለው አየር ሰው አያኖርም፤ ስለዚህ የአውሮፕላኑ ውስጥ በግፊት ይሞላል። እንደ ባሕር ወለል ግን አይሞላም። ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንዳላችሁ ነው የሚሆነው፤ አዲስ አበባ እንደመቀመጥ ማለት ነው። ጤነኛ ሰው አይሰማውም። ቤቱ ውስጥ ኦክሲጅን የሚወስድ ሰው ግን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ከልጄ አፍንጫ የመጣው ቱቦ ውኃ ውስጥ ገብቶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ምንድን ነው?

ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ የአየር ከረጢቶቹ ሲተነፍስ ይጣበቃሉ። ከረጢቶቹ ውስጣቸው እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ደግሞ እርስ በርሱ ይሳሳባል፤ ከውኃ የወጣ ፌስታል አፉ ተጣብቆ እንደሚያስቸግረው ማለት ነው። ቀኑን የጨረሰ ልጅ ይህን መሳሳብ የሚያላላ፣ ሳሙና የሚመስል ፈሳሽ ሳንባው ውስጥ አለው። ያለ ቀኑ የመጣው ገና አልሠራውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትንፋሽ ለእሱ የተጣበቀ ፌስታል እንደ አዲስ መክፈት ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ሲያቃስት የምታዩት ለዚህ ነው። ይደክመዋል።

ያ ቱቦ ከረጢቶቹ እስከ መጨረሻው እንዳይከደኑ ትንሽ ግፊት ይይዝላቸዋል። ግፊቱን የሚሰጠው ውኃው ነው። ቱቦው ውኃው ውስጥ 5 ሳንቲሜትር ከገባ፣ አየሩ ለመውጣት 5 ሳንቲሜትር ውኃ መግፋት አለበት፤ ያው ግፊት ልጁ ሳንባ ውስጥ ይቆያል። 6 ከገባ 6 ነው። ጠርሙሱ ጎን ላይ ያለው መስመር የሚለካው ያንን ነው። ውድ መሣሪያ አይደለም። ግን አንድ የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ውኃ ስንት ሕፃን እንዳሻገረ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ጠርሙሱን አታንቀሳቅሱት፤ ቱቦውንም ወደ ላይ አትሳቡት። ቡልቅ ቡልቁ ካቆመ አየሩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፤ ወይ ከአፍንጫው ወጥቷል፣ ወይ ቱቦው ተላቋል። ሌሊትም ቢሆን አትፈሩ፣ ነርሷን ጥሩ።